ሽቦ ሲያጥር ምጣድ ለምን ይግላል

መስከረም 21 የግሸን ማርያም በዓል ሲደርስ ወደ አምባው የሚጎርፈውን ምዕመን የሚያስተናግድ ቤት ሁሉ እንጀራ በገፍ ይጋግራል። በአምባሰል መብራት በገባበት ቤት ይህን ሥራ የሚሸከመው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ከቤት ዕቃ ሁሉ ይህ ምጣድ ክብሩን ያላገኘ ይመስለኛል፤ የኤሌክትሪክን ስሌት እንደሱ አድርጎ የሚያስረዳ መሣሪያ አላውቅም።

ስሌቱ ራሱ አጭር ነው። ቮልቴጁን ለከረንቱ ስታካፍሉ ሬዚስታንሱን በኦም፣ ሁለቱን ስታባዙ ኃይሉን በዋት ታገኛላችሁ። የመጀመሪያውን ዝምድና ጀርመናዊው ጌዮርግ ኦም በ1827 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። በ220 ቮልት 16 አምፔር የሚስብ ምጣድ 13.75 ኦም አለው፤ ኃይሉም 3,520 ዋት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሽቦው ሲበጠስ ነው። በሸክላው ቦይ ውስጥ ተኝቶ በጀሶ የተሸፈነው ጥምዝ ሽቦ ሲቃጠል፣ የተበላሸውን ቆርጦ የተረፈውን ስቦ መቀጠል የተለመደ ነው። «ሽቦው ስላጠረ ሙቀቱ ትንሽ ይቀንሳል» ይላሉ። ሐይቅ ላይ ያገኘሁት አንድ ጠጋኝም እንዲሁ አለኝ። «ወንድሜ፣ እስቲ እንለካው» አልኩትና እንዲህ ያሳጠረውን፣ ቀድሞ 13.75 ኦም የነበረውን ምጣድ ነቅለን መልቲሜትር አስነካንበት፤ 11 ኦም አሳየ። 220ን ለ11 ሲያካፍል 20 አምፔር መጣ፤ ኃይሉ 4,400 ዋት። ደግሞ ደጋግሞ አሰላው፤ ያው ነው። ሽቦው ከረንቱን የሚገታው በርዝመቱ ስለሆነ፣ ሲያጥር የሚያልፈው ከረንት ይጨምራል።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ሙቀት በከረንቱ ካሬ ልክ ስለሚያድግ፣ የቀረው ሽቦ እያንዳንዱ ስንዝር ከቀድሞው ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ሙቀት ይሸከማል። ለዚህ ነው «ተጠገነ» የተባለው ምጣድ ቶሎ ተመልሶ የሚበጠሰው። ሶኬቱ የተሠራው ለ16 አምፔር ከሆነ እሱም ሊቀልጥ ይችላል። ይህን ምጣድ በቀጭን ኤክስቴንሽን ለሚሰኩ ሰዎች ደግሞ ትዕግሥት የለኝም፤ የሚጫወቱት በቤታቸውና በልጆቻቸው ሕይወት ነው።

ተቃራኒው መብራቱ ሲደክም ይታያል። ሰፈሩ ሁሉ ሲጋግር ቮልቴጁ ወደ 176 ቢወርድ፣ 13.75 ኦም ያለው ምጣድ 12.8 አምፔር ብቻ ይስባል፤ ኃይሉም 2,253 ዋት ገደማ ይሆናል። ቮልቴጁ በ20 በመቶ ቀነሰ፣ ኃይሉ ግን በ36 በመቶ፤ ከረንቱም አብሮ ስለሚወርድ ጉድለቱ ይደራረባል። እንጀራው ዓይን አላወጣ ሲል እናቶች እርሾውን፣ አንዳንዴም ጋጋሪዋን ይወቅሳሉ። እባካችሁ፣ መጀመሪያ ሶኬቱ ላይ ያለውን ቮልቴጅ አስለኩ።

ስሌቱ በምጣድ ላይ ይህን ያህል የሚታመነው ኒክሮም የተባለው ሽቦ ሲግል ሬዚስታንሱ እምብዛም ስለማይለወጥ ነው። የድሮው ባለ ክር አምፖል ግን ሲበራ ሬዚስታንሱ ከአሥር እጥፍ በላይ ሊጨምር ይችላል፤ ጠፍቶ ሳለ ተለክቶ ዋቱ አይሰላም።

ሽቦ ስትገዙ የምጣዱን ዋት ለሻጩ ንገሩት፤ ከተገጠመ በኋላም ከሶኬት ነቅላችሁ ለኩ። ሶኬታችሁ የ16 አምፔር ከሆነ፣ በ220 ቮልት ከ13.75 ኦም በታች የሚያሳይ ምጣድ አይሰካበትም።