ዜሮ ወይስ ሙሉ ነጥብ?

አንድ ተማሪ የፊዚክስ ፈተና ተፈተነ። መምህሩ መልሱን አየና ዜሮ ሊሰጠው አሰበ። ተማሪው ግን ሙሉ ነጥብ ይገባኛል ብሎ ተከራከረ። ታዲያ ማን ይፍረድ? በመካከላቸው የሚዳኝ አንድ ሌላ መምህር ተጠራ።

ታሪኩን የጻፈው ይኸው ዳኛ ነው። ስሙ አሌክሳንደር ካላንድራ ይባላል። በአሜሪካ አገር፣ በሴንት ሉዊስ ከተማ፣ የዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ነበር። ጽሑፉ በአንድ መጽሔት ላይ የወጣው በ1961 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1968 ነው። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ተወርቷል።

ጥያቄው ምን ነበር?

ጥያቄው አጭር ነበር። የአንድን ረጅም ሕንፃ ቁመት በባሮሜትር እንዴት ማወቅ ይቻላል የሚል ነው።

ባሮሜትር የአየርን ጭነት የሚለካ መሣሪያ ነው። አየር በዓይን አይታይም። ግን ክብደት አለው። ከበላያችን ያለው አየር ሁሉ ይጫነናል።

ይህን ቶሪቼሊ የሚባል ጣሊያናዊ ምሁር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1643 ገደማ በሙከራ አሳየ። አንድ ጫፉ የተዘጋ ረጅም የመስተዋት ቱቦ በባዜቃ ተሞላ። ባዜቃ እንደ ውሃ የሚፈስ፣ በጣም ከባድ ብረት ነው። ከዚያ ቱቦው ባዜቃ ባለበት ሳህን ውስጥ ተደፋ። ባዜቃው ሁሉ ፈሶ አላለቀም። 76 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሲደርስ ቆመ። ምን ደገፈው? ሳህኑ ላይ ያለውን ባዜቃ የሚጫነው አየር ነው።

በ1648 ደግሞ ፓስካል የሚባል ፈረንሳዊ ምሁር ለእህቱ ባል ሥራ ሰጠው። ሰውየው ፑይ ደ ዶም በሚባል ተራራ ግርጌ የባዜቃውን ከፍታ ለካ። ተራራውን ወጥቶም እንደገና ለካ። ላይ ሲደርስ ባዜቃው ዝቅ ብሎ ተገኘ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ከፍ ባልን ቁጥር ከበላያችን የሚቀረው አየር ያንሳል። ስለዚህ ጭነቱም ይቀንሳል።

ይህ ነገር እስከ ማጀታችን ይደርሳል። ደጋ ላይ የአየር ጭነት ከቆላው ያንሳል። ስለዚህ ውሃ ባነሰ ሙቀት ይፈላል። ድስቱ ቢንተከተክም ሙቀቱ የቆላውን ያህል አይደርስም። ባቄላ ደጋ ላይ ለመብሰል የሚቆይበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እንግዲህ መምህሩ የፈለገው መልስ ግልጽ ነው። የአየሩን ጭነት መሬት ላይ መለካት፣ ጣሪያው ላይ መለካት፣ ከልዩነቱ ቁመቱን ማስላት ነው።

ተማሪው ምን መለሰ?

ተማሪው የጻፈው ሌላ ነው። ባሮሜትሩን ጣሪያ ላይ ማውጣት፣ ረጅም ገመድ ማሰር፣ እስከ መሬት ማውረድ፣ ከዚያ ስቦ ገመዱን መለካት። የገመዱ ርዝመት የሕንፃው ቁመት ነው አለ።

ይህ ስሕተት ነው? አይደለም። የጉድጓድ ጥልቀትስ በገመድና በድንጋይ ይለካ የለ? ግን ፈተናው የፊዚክስ ነው። ገመድ መለካት ፊዚክስ ማወቅን አያሳይም። ሙሉ ነጥብ ቢሰጠው ያላሳየውን ዕውቀት እንዳሳየ ሊቆጠር ነው። ዜሮ ቢሰጠው ደግሞ ልክ የሆነ መልስ ተሳስቷል ሊባል ነው።

ዳኛው ለተማሪው 6 ደቂቃ ሰጠው። አዲሱ መልስ ፊዚክስ ማወቁን እንዲያሳይ አስጠነቀቀው። 5 ደቂቃ አለፈ። ወረቀቱ ባዶ ነው። ተስፋ ቆርጦ እንደሆነ ቢጠየቅ፣ መልስ በዝቶበት እየመረጠ መሆኑን ተናገረ።

በቀረችው 1 ደቂቃ ጻፈ። ባሮሜትሩን ከጣሪያ መልቀቅ፣ መሬት እስኪደርስ የፈጀውን ጊዜ መያዝ ነው አለ። የሚወድቅ ነገር ፍጥነቱ እየጨመረ ይሄዳል። ስለዚህ ከጊዜው ቁመቱ ይሰላል። በግርድፉ ሰኮንዱን በራሱ፣ ከዚያም በ5 ማባዛት ነው። 2 ሰኮንድ ከፈጀ፣ 2 ሲባዛ በ2 4 ይሆናል። 4 ሲባዛ በ5 20 ይሆናል። ቁመቱ 20 ሜትር ያህል ነው ማለት ነው። ምስኪኑ ባሮሜትር ግን እንክትክት ይላል!

መምህሩ ተረታ። ከሙሉ ትንሽ ዝቅ ያለ ነጥብ ሰጠው።

ዳኛው ሌሎቹን መልሶች ለመስማት ጓጓ። ተማሪውም ቆጠረለት። አንደኛው በጥላ መለካት ነው። ሁለተኛው በደረጃው ሲወጡ ግድግዳውን በባሮሜትሩ ቁመት እየለኩ መቁጠር ነው። አንደኛው ደግሞ ያስቃል። ወደ ሕንፃው ተቆጣጣሪ መሄድና ቁመቱን ከነገረው ባሮሜትሩን እንደሚሸልመው መንገር ነው። ይህኛው ፊዚክስ ሳይሆን ንግድ ነው።

ለመሆኑ የተፈለገውን መልስ ያውቅ ነበር? ያውቅ ነበር። ግን መምህራን እንዴት ማሰብ እንዳለበት ሲነግሩት ሰልችቶት ነበር። ባያውቅ ኖሮ ቀልዱ የስንፍና መሸፈኛ ይሆን ነበር።

ጥፋቱ የማን ነው?

ጥያቄውን መለስ ብላችሁ አንብቡ። በባሮሜትር ይላል። በአየር ጭነት አይልም። መምህሩ በልቡ ያሰበውን ወረቀቱ ላይ አላሰፈረም። ተማሪው የመለሰው ለተጻፈው ነው።

ደግሞም ገመዱ የዋዛ አይደለም። ቆላ ላይ፣ በባሕር ጠረፍ አካባቢ፣ ባዜቃው 1 ሚሊ ሜትር የሚወርደው 11 ሜትር ያህል ሲወጣ ነው። 33 ሜትር ሕንፃ ላይ የሚወርደው 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በንባቡ 1 ሚሊ ሜትር የተሳሳተ ሰው ቁመቱን በ11 ሜትር ይስታል። በገመድ ይህን ያህል የሚስት የለም።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ነገር የፈተና ብቻ አይደለም። አንድ ሰው ገንዘብ ተበድሮ፣ በመከር ጊዜ እከፍላለሁ ብሎ ቢፈርም፣ የትኛው መከር ነው? የዘንድሮው ወይስ የከርሞው? አበዳሪው አንዱን ያስባል። ተበዳሪው ሌላውን። ወረቀቱ ዝም ይላል። ጠብ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ስትጽፉ ወሩንና ዓመቱን ጻፉ። ስትፈርሙም የተነገራችሁን ሳይሆን የተጻፈውን አንብቡ።

ይህም ታሪክ ሲወራ ያልተጻፈ ተጨምሮበታል። አንዳንዶች ተማሪው ታዋቂው የዴንማርክ ሊቅ ኒልስ ቦር ነው ይላሉ። ካላንድራ ግን የተማሪውን ስም አልጻፈም።

እስቲ ሞክሩት

ሜዳ ላይ ያለ የአንድ ዛፍ ቁመት በጥላ ለኩ።

1. 1 ሜትር የሆነ ዱላ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ። ጥላውን ለኩ።

2. ወዲያው የዛፉን ጥላ ከግንዱ ጀምሮ ለኩ። ብትዘገዩ ፀሐይዋ ትዞርና ልኩ ይበላሻል።

3. የዛፉን ጥላ ለዱላው ጥላ አካፍሉ። የዱላው ጥላ 2 ሜትር፣ የዛፉ 16 ሜትር ቢሆን፣ ዛፉ 8 ሜትር ነው።

የእናንተስ ዛፍ ስንት ሜትር ሆነ? ደብተራችሁ ላይ ጻፉት። የዛፉን ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን አትርሱ።