ገመዱ ላይ የታተመችው ቁጥር

ማራዘሚያ ገመድን የሚያከብረው ሰው ጥቂት ነው። ከቤት ዕቃ ሁሉ መጨረሻ ይገዛል፤ ያውም በቀለሙና በሶኬቱ ብዛት ተመርጦ። ቢቸናም ሆነ ሞጣ ግን ስንቱ ኪራይ ቤት፣ ስንቱ ፀጉር ቤት ሥራውን የሚሠራው በእሱ ነው። ክፍሏ ያላት አንድ ሶኬት ከሆነ ቴሌቪዥኑም፣ ካውያውም፣ ስቶቩም ከዚያችው ይቀዳሉ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የዕቃውን ዋት ለ220 ታካፍላላችሁ፣ አምፒሩ ይወጣል። ገመዱ ያን አምፒር ካልቻለ ይግላል።

ገመዱ ስንት እንደሚችል የሚፈለገው ግን ያለ ቦታው ነው። ገዢው ማከፋፈያው ፊት ላይ «16 አምፒር፣ 250 ቮልት» የሚለውን ያያል፣ ሻጩም ያንኑ በጣቱ ያሳየዋል። ያ የሶኬቱ ቁጥር ነው፤ ስለ ገመዱ አንዲት ቃል አልተናገረም። የገመዱ የራሱ ቁጥር ጎማው ላይ በደቃቁ ታትሟል፦ 3×0.75፣ 3×1፣ 3×1.5፣ 3×2.5። ፊተኛው የሽቦዎቹ ብዛት ነው፤ ሦስት ከሆኑ አንዱ የኧርዝ ነው። ኋለኛው የእያንዳንዱ መዳብ ስፋት በካሬ ሚሊ ሜትር ነው፤ ኤሌክትሪሺያኖች «ባለ አንድ ተኩል»፣ «ባለ ሁለት ተኩል» የሚሉት ይህንኑ ነው።

ተዘርግቶ አየር እያገኘ ባለ 0.75ቱ 6 አምፒር ያህል ይሸከማል፤ ባለ 1ዱ 10፣ ባለ አንድ ተኩሉ 16። 6 አምፒር ማለት 1300 ዋት ገደማ ነው። እንግዲህ ፊቱ «16» የሚል፣ ጅራቱ ግን ባለ 0.75 የሆነ ማከፋፈያ ላይ 2000 ዋት ስቶቭ ሰካችሁ እንበል። ስቶቩ በገመዱ 9 አምፒር ይጎትታል። ጭነቱ አንድ ተኩል እጥፍ ቢሆን ሙቀቱ ከሁለት እጥፍ ያልፋል፤ ሙቀት በአምፒሩ ልክ ሳይሆን አምፒሩ በራሱ ተባዝቶ ነውና የሚያድገው። «ብሬከር አለን» የሚሉኝ አሉ። ብሬከሩ የተገጠመው ለግድግዳው ሽቦ ነው። 16 ድረስ የሚታገሥ ብሬከር 9 አምፒርን ምን ብሎ ይቆርጣል? ገመዱ ምንጣፍ ሥር ቀልጦ ሽቦ ከሽቦ እስኪገናኝ ድረስ እሱ ሰላም ነው።

ሞጣ አንድ ሱቅ ገብቼ ገመድ ስጠይቅ ልጁ «ጋሼ፣ ይሄኮ እጅ ይሞላል!» ብሎ ወፍራም ጥቅል አወረደልኝ። እውነትም ይሞላል። ጫፉን አስቆርጬ ባየው ግን ውፍረቱ ሁሉ የጎማ ነው፤ መሀሉ ላይ ጥቂት ቀጫጭን ክሮች አሉ። አንዷን ክር በምላጭ ፋቅ ሳደርጋት ቀዩ ቆዳ ተነሣና ነጭ ብረት ብቅ አለ። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ከመዳብ 1.6 ጊዜ ያህል የበለጠ ኤሌክትሪክን ይከላከላል፤ ስለዚህ በእኩል ስፋት የበለጠ ይግላል። ልጁም የሚሸጠውን አላወቀም ነበር፤ ሲያየው ደነገጠ። ጥቅሉን ከእውነተኛ መዳብ ጋር ግራና ቀኝ አንሥቶ መመዘንም ይበቃል፤ አሉሚኒየሙ ቅልል ይላል።

ርዝመትም አለ። በጥር ሰርግ ከጎረቤት ቤት እስከ ዳሱ 50 ሜትር ይዘረጋል፤ መሀሉ ተጠማዞ የተቀጠለ፣ መቀጠያው በፌስታል የተጠቀለለ። (ፌስታል ምን በወጣው! የኤሌክትሪክ ቴፕ ስንት ብር ሆኖ ነው?) ገመዱ ባለ 0.75 ሆኖ 10 አምፒር ቢጫንበት 23 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ዲጄው «መብራት ኃይል ዛሬም አዳከመው» ይላል፤ ያዳከመው ግን ገመዱ ነው። ተጠቅልሎ የቀረውን ትርፍ ጥቅል ደግሞ አንዱ ወንበር ሥር ይወሽቀዋል፤ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ እዚያው ይጠራቀማል። ማራዘሚያ ሲሠራ እስከ ጫፉ ይፈታ።

ቢቸናም ሞጣም የጤፍ አገር ናቸውና ምጣድ ሳይነሣ አይታለፍም። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት አካባቢ ይበላል፤ 16 አምፒር ማለት ነው፣ ያውም እንጀራው እስኪያልቅ ድረስ። ምጣድ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይገባዋል። ማከፋፈያ ላይ አይሰካም፤ ሻጩ ቢምልም አይሰካም። የግድ ገመዱ ይርዘም ከተባለ ባለ ሁለት ተኩል፣ አጭር፣ ባለ አንድ ሶኬት ይሁን፤ ከጎኑ ሌላ ምንም አይሰካ። ስፒናው ሲነካ ከሞቀ የሶኬቱ መያዣ ላልቷል፤ ይቀየር።

ከአሜሪካ ዘመድ በሻንጣ የሚያመጣው ገመድ ላይ «16» ተጽፎ ካያችሁ አምፒር እንዳይመስላችሁ። በእነሱ አቆጣጠር ቁጥሩ ሲያድግ ሽቦው ይቀጥናል። የእነሱ 16 ወደ 1.3 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፣ 14ቱ ከ2 ትንሽ ያልፋል፣ 12ቱ 3.3 ይደርሳል። ስፒናውና ሶኬቱም የተሠሩት ለ125 ቮልት ስለሆነ፣ ሽቦው የቱንም ያህል ቢወፍር እኛ ግድግዳ ላይ አይሰካም።