ቁርጥማቱ ከጉድጓድ ውሃ ሲመጣ

በስምጥ ሸለቆ ቁርጥማት የሚባለው ሁሉ የእርጅና አይደለም። በአዳሚ ቱሉ፣ በመቂ ወይም በወንጂ አንድ ሰው «መገጣጠሚያዬን ያመኛል» ሲል ቤተሰቡ ብርድ ነው ይለዋል፣ ዕድሜ ነው ይለዋል። የሚጠጣው ውሃ ከየት እንደሚቀዳ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው።

ዕድሜ የሚያመጣው ህመም በእርግጥ አለ። የጀሪካን ክዳን ለመክፈት አውራ ጣትና ሌባ ጣት ሲጨብጡ በአውራ ጣት ሥር ያለው መገጣጠሚያ በጣቱ ጫፍ ላይ ካረፈው ኃይል እስከ 12 እጥፍ ይሸከማል። ልም አጥንቱ ተበልቶ ሲያልቅ አጥንት ከአጥንት ይፋጫል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጀርቪስ እ.ኤ.አ. በ1949 ከሥሩ ያለችውን ትንሽ አጥንት አውጥቶ መጣልን እንደ ሕክምና አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ፈረንሳዊው ዴ ላ ካፊኒየር ኳስና ጽዋ ያለው ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ሠራ፤ ሌሎች ደግሞ ሲሊኮን ተከሉ። ሲሊኮኑ በአንዳንዶች እጅ ውስጥ እየተፈረፈረ ብግነት አስከተለ። አዳዲሶቹ ተተኪዎች የተሻሻሉ ቢሆኑም ከጀርቪስ ቀላል ቀዶ ሕክምና በግልጽ እንደሚበልጡ እስካሁን አልተረጋገጠም።

በጉድጓድ ውሃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ሌላ ነው። የሸለቆው የእሳተ ገሞራ ዓለትና አመድ ፍሎራይድ ይለቃል፤ የከርሰ ምድሩ ውሃ ካልሲየም ስለሚያንሰው ፍሎራይዱን የሚያስቀር ነገር አያገኝም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር እንዳያልፍ ይመክራል፤ በሸለቆው ከ10 በላይ ያላቸው ጉድጓዶች አሉ። ልጆች ቋሚ ጥርሳቸው ሲወጣ በልዞ ይወጣል። ይህን ውሃ ለዓመታት የጠጣ አዋቂ አጥንቱ ይወፍራል፣ ጅማቱ ወደ አጥንትነት ይለወጣል። ሲጠሩት አንገቱን አያዞርም፤ ወገቡን ጭምር ይዞ ነው የሚዞረው። ቁጢጥ ማለት አይችልም።

በአገራችን ይህን ጉዳት ከሁሉ አስቀድሞ ያሳየችው ወንጂ ናት። የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1954 ስኳር ማምረት በጀመረበት ቦታ ሠራተኛው ለዓመታት የጉድጓድ ውሃ ጠጣ። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ጎብጠው የቀሩትን ሠራተኞች መርምረው፣ የወፈረው አጥንት ኅብለ ሰረሰርን ሲጫን እግር እስከ መሽመድመድ እንደሚያደርስ ጽፈዋል። እነዚህ ሰዎች ሸንኮራ ሲቆርጡ፣ ሲሸከሙ የኖሩ ናቸው። አገር ስኳር የቀመሰችው በእነሱ ወገብ ነው፤ ዕዳው አልተከፈለም ብዬ አምናለሁ።

ታዲያ መገጣጠሚያውን መቀየር አይቻልም? የዳሌና የጉልበት ቅየራ አዲስ አበባ ላይም ይሠራል። ነገር ግን በህንድና በቻይና እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ ያከሙ ሐኪሞች እንደጻፉት በፍሎራይድ የደነደነ አጥንት ለመጋዝ አስቸጋሪ፣ ለመሰንጠቅም ቅርብ ነው። ጉልበት ቢቀየር እንኳ የደረቀውን አከርካሪ የሚተካ የለም።

ስለዚህ ሕክምናው ከውሃው ይጀምራል። ወንጂ ላይ በአሉሚና ማጣራት ተሞክሯል። የኦሮሚያ ራስ አገዝ ድርጅት ሞጆ ላይ የአጥንት ከሰል አዘጋጅቷል፤ የከብት አጥንት አየር ባነሰበት ምድጃ ተቃጥሎ ይፈጫል፣ ውሃው በላዩ ሲያልፍ ፍሎራይዱን ይይዛል። አሠራሩ ጥሩ ነው፤ ግን ከሰሉ ይጠግባል። ማን ይለውጠው፣ በማን ገንዘብ? አጥንቱ ከየትኛው እንስሳ መጣ የሚለው ጥያቄም በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ዘንድ ይነሣልና መልስ ይፈልጋል። በእኔ እምነት ማጣሪያው ጊዜያዊ መፍትሔ ነው፤ ዘላቂው ፍሎራይዱ ካነሰ ምንጭ፣ ሐይቅ ወይም ወንዝ ውሃን አጣርቶ በቧንቧ ማድረስ ነው።

እስከዚያው ሁለት ነገር ዛሬውኑ ይቻላል። ውሃ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድ አይቀንስም፤ ውሃው እየተነነ ሲሄድ በቀረው ውስጥ የፍሎራይዱን መጠን ከፍ ያደርገዋል። ይህን ለእናቶች ንገሯቸው። የወረዳ የውሃ ጽሕፈት ቤቶችም የእያንዳንዱን ጉድጓድ የፍሎራይድ መጠን ለክተው ቦኖው ላይ በጉልህ ቁጥር ይጻፉልን፤ ቀጂው ልጁን ምን እንደሚያጠጣ የማወቅ መብት አለው።