አያ ጅቦ ወይስ እመት ጅቢት?

ከኮተቤ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ በየካና በእንጦጦ ተራሮች ሥር የሚኖር ሰው ለጅብ ጩኸት እንግዳ አይደለም። ታዲያ ይህን ያህል ጎረቤታችን ሆኖ ሳለ ስለ ጅብ የምናውቀው አብዛኛው ነገር ከተረት ያገኘነው ነው። በተረቱ "አያ ጅቦ" ይባላል። በመንጋው ውስጥ ግን አዛዧ ሴቷ ናት። በሰውነትም ከወንዱ ትበልጣለች። ደረጃዋን ለልጆቿ ታወርሳለች፤ ከሌላ መንጋ የመጣ ወንድ ከግልገሎቿ እንኳ በታች ነው። ስለዚህ "እመት ጅቢት" ብንላት ይሻል ነበር! የሴቷ ብልት የወንዱን ስለሚመስል የጥንት ሰዎች ጅብ ወንድም ሴትም ነው ይሉ ነበር፤ ይህ ግን ስህተት ነው። ሳቁም ቢሆን የደስታ አይደለም፤ ሲፈራ ወይም ሲጨነቅ የሚያሰማው ድምፅ ነው።

እንጦጦን በእግሩ የወጣ ሰው መንገድ ዳር እንደ ኖራ የነጣ የጅብ ዓይነ ምድር አይቶ ይሆናል። የሚያነጣው የአጥንት ካልሲየም ነው። ጅብ አጥንቱን ሰባብሮ ይውጠዋል፤ የጨጓራው አሲድም ያሟሟዋል። ፀጉር ግን አይፈጭለትም። ተመራማሪዎችም ጅቡ ምን እንደበላ የሚያውቁት ከዚሁ ፀጉር ነው።

በዚህ መንገድ የተሠራ አንድ ጥናት በጣም ያስገርማል። በመቀሌ አካባቢ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ነው። በሁዳዴ ጾም ሥጋ ቤት ሲዘጋ ጅቡ የለመደው ትርፍራፊ ይቋረጥበታል። ታዲያ እሱ አብሮ አይጾም! ወደ አህያ ይዞራል። ከጾሙ በፊት በዓይነ ምድሩ ውስጥ የአህያ ፀጉር ድርሻ 14.8 በመቶ ነበር፤ በጾሙ ወቅት 33.1 በመቶ ደረሰ፤ ከፋሲካ በኋላ ወደ 22.2 በመቶ ወረደ።

እዚያው መቀሌ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ጅቦች በዓመት 207 ቶን የሚገመት የእንስሳት ጥንብ እንደሚያነሱ ያሳያል። ያ ሁሉ ሜዳ ላይ ቢቀር አባ ሰንጋና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ወደ ሰውም ወደ ከብትም በተዛመተ ነበር። ደመወዝ የማይጠይቅ የጽዳት ሠራተኛ ማለት ይህ ነው።

ጅብ አይጎዳም ማለቴ ግን አይደለም። በተለይ ደጅ ለሚያድር ሰውና ለሕፃናት አደገኛ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ግን ሰው በጅብ ስም በሰው ላይ የሚያደርሰው በደል ነው። ሸክላ ሠሪውና ብረት ቀጥቃጩ "ቡዳ ነው፣ ማታ ጅብ ይሆናል" እየተባለ ስንት ዘመን ተገለለ! ከእጁ የወጣውን ማሰሮና ማረሻ ግን ማንም አልጠላም።

ጅብን ወደ ሰፈር የሚስበው እኛው ወንዝ ዳር የምንጥለው የእርድ ተረፈ ምርትና ቆሻሻ ነው። ተራራው ሥር አህያ ያለውም ሰው፣ በተለይ በሁዳዴ፣ አህያውን ደጅ ባያሳድር ይሻለዋል።