አጣቢውን ማን ያጥበዋል?

በሩ ከፊት ለፊት የሚከፈተው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጡ ድርብ ነው። በር ስንከፍት የምናየው ልብሱ የሚሽከረከርበትን ባለቀዳዳ የብረት ከበሮ ብቻ ነው። ከበሮውን ዙሪያውን ከቦ ውኃ የሚይዘው ገንዳ ማሽኑ ካልተፈታ አይታይም። ልብሱ የለቀቀው ላብ፣ የሰውነት ቅባትና ያልሟሟ ሳሙና በቀዳዳዎቹ እየሾለከ የሚገባው በሁለቱ መሀል ነው። አብዛኛው ከፍሳሹ ጋር ይሄዳል፤ የቀረው ግን ገንዳው ላይ ይለጠፍና ባክቴሪያና ሻጋታ የሚራቡበት ዝልግልግ ሽፋን ይሆናል።

ታጥቦ የደረቀ ፎጣ ፊት ሲነካው የሚሸተው ለዚህ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች የዚህን ሽታ ምንጭ ሲፈልጉ ሞራክሴላ ኦስሎኤንሲስ የተባለች ባክቴሪያ አገኙ። ድርቀት የምትችል ስለሆነች ልብሱ ገመድ ላይ ቢውልም አትጠፋም። ይህችው ባክቴሪያ ከአምስት ዓመት በኋላ ጀርመን ውስጥ በተመረመሩ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጆችም በብዛት ተገኝታለች።

ሽታ ሲመጣ ብዙ ሰው ሳሙና ይጨምራል። በእኔ እምነት ከዚህ የባሰ መፍትሔ የለም። ለእጅ አጠባ የተሠራ የዱቄት ሳሙና አረፋ እንዲበዛው ታስቦ የተሠራ ነው፤ ማሽን ውስጥ ሲገባ አረፋው ልብሱ እርስ በርስ እንዳይፋተግ ይከላከላል፣ በማለቅለቂያው ውኃም ሙልጭ ብሎ አይወጣም። የተረፈው ሳሙና ደግሞ ለዚያ ዝልግልግ ሽፋን ቀለብ ነው። ሁልጊዜ በቀዝቃዛ ውኃ ማጠብም ያባብሰዋል። በወር አንድ ጊዜ ማሽኑን ባዶውን 60 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ላይ አድርጎ ማስኬድ ይበጃል። ለዚህ ከፈሳሽ ሳሙና ይልቅ ለማሽን የተሠራ ዱቄት ይሻላል፤ ብዙዎቹ ዱቄቶች ፈሳሹ የሌለው፣ ኦክስጅን እየለቀቀ የሚያነጣ ንጥረ ነገር አለባቸውና።

በሩ ላይ ያለውን ወፍራም ጎማ በጣት ገለጥ ቢያደርጉት እጥፋቱ ሥር የቆመ ውኃ፣ የፀጉር ጉንጉን፣ ከነጠላ ጫፍ የተበጠሰ ክር፣ አንዳንዴም የጠፋ ሳንቲም ይገኛል። ጥቁር ነጠብጣብ ካለበት ሻጋታ ነው። ከእያንዳንዱ አጠባ በኋላ በደረቅ ጨርቅ መጥረግና በሩን ገርበብ አድርጎ መተው ይበቃል፤ ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ግን ወደ ከበሮው እንዳይገባ መጠበቅ ያስፈልጋል። የሳሙናው መሳቢያም ተጎትቶ ይወጣል። በጥርስ ብሩሽ ይፈተግ።

ብዙ ባለቤቶች ጨርሶ የማያውቁት ክፍል ከታች በኩል፣ ጥግ ላይ፣ ከትንሽ ክዳን ጀርባ ያለው የፓምፕ ማጣሪያ ነው። ማሽኑ ከሶኬት ይነቀል፣ ዝርግ ትሪ ከሥር ይቀመጥ፤ ከዚያ ማጣሪያውን ቀስ እያሉ መፍታት ነው። የሚወጣው ጠቆር ያለ ውኃ ይሸታል። ቁልፍ፣ መርፌ ቁልፍ፣ የተጠቀለለ ክር ይወጣል። «ማሽኑ ውኃ አላፈስ አለ» ተብሎ ባለሙያ ከመጠራቱ በፊት መጀመሪያ የሚታየው እዚህ ነው።

ውኃው የኖራ ማዕድን በበዛበት አካባቢ ማሞቂያው ላይ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል፤ እንደ ሲትሪክ አሲድ ያለ ነገር ያሟሟዋል። አቼቶም ይሠራል፣ ሲደጋገም ግን ጎማውን ሊጎዳ ይችላል። አሲድና በረኪና ፈጽሞ አንድ ላይ አይገቡም፤ ሲገናኙ ሳንባ የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ውኃ በፈረቃ በሚመጣባቸው የአዲስ አበባ ሰፈሮች አንድ ሥራ ይጨመራል። ውኃው ተቋርጦ ሲመለስ፣ ወይም ሮቶው ሊያልቅ ሲል፣ ደለል ይዞ ይመጣል። ማሽኑ ኋላ፣ ጎማው ቱቦ የሚገባበት ቦታ ላይ ያለች ትንሽ ወንፊት ያንን ትይዛለች። ማሽኑ ውኃ ለመሙላት ብዙ ሰዓት ከወሰደበት ቧንቧው ይዘጋ፣ ቱቦው ይፈታ፣ ወንፊቷ በፒንሳ ተስባ ትታጠብ።