የፍትሕ መንገደኛ ድርጎ

የጦሳ ጉም ገና ከደሴ ላይ ሳይገፈፍ ሆጤ ላይ ቆሞ ከገጠር ወደ ከተማ የሚገባውን ባለጉዳይ የተመለከተ ሰው፣ ከነጠላዋ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ደብተር ያቀፈች አንዲት እናት ከመካከሉ ማየቱ አይቀርም። ደብተሩ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ነው። በአማራ ክልል ይህ ደብተር በ1995 ዓ.ም. መሰጠት ሲጀምር፣ በስዊድን መንግሥት ርዳታ ለሙከራ ከተመረጡት ሁለት ቀበሌዎች አንዱ በምሥራቅ ጎጃም የሚገኘው አዲስና ጉሊት ሲሆን፣ ሁለተኛው ከዚሁ ከደሴ ሥር ያለው ገራዶ ነበር። የባልና የሚስት ስም በአንድነት እንዲሰፍርበት መደረጉ፣ ለዘመናት በአባትና በባል ስም ስትጠራ ለኖረች ሴት ታላቅ ነገር ነው፤ ይሁን እንጂ ደብተር አፍ የለውም። ባሏ የሞተባት መበለት በሬና ጥማድ ስላጣች መሬቷን ምርት ተካፍሎ ለሚያርስ መጋዞ ብትሰጥ፣ መጋዞው ከዓመታት በኋላ «ርስቱ የእኔ ነው» ብሎ ቢነሣባት፣ ለራፖር ጸሐፊ የምትከፍለውን፣ ለመሳፈሪያ የምታወጣውን፣ ምስክሮቿን የምታበላውን ከየት ታመጣለች? ከጎኗ ቆሞ ሕጉን የሚያስረዳትስ ማን ነው? ያስረዳል የተባለውም ሰው ቢሆን ዕለታዊ ሢሳይ ያስፈልገዋል።

የዚህ መጣጥፍ ነገር ከዚች «ሢሳይ» ከምትለው ቃል ላይ ነው። በጥንቱ ሥርዓት ከቤተ መንግሥት ለእንግዳና ለባለሟል በየዕለቱ የሚታዘዘው ምግብና መጠጥ ድርጎ ይባል ነበር፤ የቆሎ ተማሪም አኮፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከየደጁ በሚያገኘው ቁራሽ ቅኔውንና ዜማውን ይማር ነበር። ሕዝቡ ሰውየውን የሚመግበው፣ የሰውየው መኖር ራሱ የሥራው መሠረት መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። ዛሬ በባዕድ ስሙ ፌሎሺፕ የሚባለውና ለገጠር ፍትሕ ለሚተጉ ወጣቶች የሚሰጠው ድጎማም በባሕርዩ ከዚሁ ወገን ነው፤ ለሰው እንጂ ለግንብ የሚሰጥ ገንዘብ አይደለም።

አገራችን ይህን ዓይነቱን ድርጎ ሁለት ጊዜ በመንግሥት እጅ ሞክራዋለች። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ አደረገ፤ አብዛኞቹም ሲያስተምሩ ከረሙ። ቀጥሎም የወሎ ሕዝብ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በረሃብ ካለቀ በኋላ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ታወጀ፤ 60,000 ያህል ተማሪና መምህርም ወደ ገጠር ወረደ፤ የካቲት 25 ቀን የወጣው የመሬት አዋጅም ዘማቹን ከፊደል ቆጠራ ወደ ገበሬ ማኅበር መሥራችነት አሸጋገረው። ስለ ዘመቻው ብዙ ተጽፏልና እዚህ አልዘረዝረውም፤ ለእኔ ትልቁ ጉድለቱ ሰዎቹ እንግዶች መሆናቸውና ዘመቻው ሲያበቃ የተማሩትን ይዘው መሄዳቸው ነው።

ከመንግሥት ውጭ ባሉ ድርጅቶች በኩል ግን ነገሩ በእውነት የከረረው በአዋጅ ቁጥር 621/2001 ነው። ይህ አዋጅ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ አገር የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብት፣ በጾታ እኩልነት፣ በዕርቅና በፍትሕ ጉዳይ እንዳይሠራ ከለከለ። ክልከላው መሠረት የሌለው ነበር አልልም፤ የባዕድ ገንዘብ የአገርን ነገር እንዳይመራ መጠንቀቅ የማንኛውም መንግሥት ሐሳብ ነው። ነገር ግን ጥሬ ገንዘብ በመከር ወራት ብቻ በምታይ አገር ውስጥ «90ውን እጅ ከወገናችሁ ሰብስቡ» ማለት፣ ጦም አዳሪን ስለ ጾም እንደ መስበክ ያለ ነው። በሰማንያዎቹ ማለቂያ ገደማ የተመሠረተውና ለድኾች ሴቶች ነጻ የሕግ ምክር ይሰጥ የነበረው የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አብዛኞቹን ሠራተኞቹን አሰናበተ፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤም ከ12 ጽሕፈት ቤቶቹ 9ኙን ዘጋ። (ከሴቶቹ ማኅበር መሥራቾች አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ያ አዋጅ የተሻረውም በዚያው ዓመት ነው።)

ከ10 በመቶው ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ግን ብዙ ያልተነገረለት፣ የዚያው አዋጅ 70/30 የተባለው ደንብ ነበር። ከወጪው 70 በመቶው ለዓላማ፣ ከ30 በመቶ ያልበለጠው ለአስተዳደር ይሁን ሲባል መልካም ይመስላል፤ ሆኖም የሥልጠናና የጉዞ ወጪ ሳይቀር ከአስተዳደር ተቆጠረ። የውኃ ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው ሲሚንቶ አለው፣ ቧንቧ አለው፤ ተቆጣጣሪ መጥቶ ይለካለታል። የፍትሕ ሠራተኛ ግን እግሩና አንደበቱ ብቻ ናቸው ያሉት። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ፣ ከደሴም አልፎ ገራዶ ወርዶ ያችን መበለት የሚያነጋግር ባለሙያ፣ አበሉ አስተዳደር ከተባለ፣ ዓላማው ምኑ ላይ ቀረ?

አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የውጭ ገንዘቡን በር ከፈተ፤ የአስተዳደር ወጪውንም በ20 በመቶ ወስኖ፣ ዓላማን ለማስፈጸም የሚወጣውን ከዚያ ለየ። ሕጉ ቢቃናም የለጋሹ ልማድ አልቃናም። ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት ማለቂያ እስከ ኅዳር መጨረሻ በጦርነት እጅ ከወደቁ በኋላ የመጣው ርዳታ ቀኑ በወራት የተቆጠረ ነበር፤ የፍትሕ ክርክር ደግሞ ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ ዓመታትን ይሻገራል። ጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን በድንገት ባገደ ጊዜ፣ በሰው ኪስ ላይ የቆመ ድርጎ እንዴት በአንድ ጀንበር እንደሚነጥፍ ሁሉም አየ።

ወሎ ግን የራሱ ሥርዓት አለው። ቅሬ የሚባለው የቀብር ማኅበር እስላሙንና ክርስቲያኑን በአንድነት ይቀብራል፤ ከመቅበርም አልፎ የተጣላውን ይዳኛል፣ እንቢተኛውን ይቀጣል። አበጋር የሚባለው አስታራቂ ሽማግሌም ደም የተቃቡትን ያስታርቃል፤ ለዚህ ሥራው ደመወዝ የሚቆርጥለት የለም፤ የሚያከብረውና የሚመርቀው ሕዝብ አለው። ያለውን ማመስገን ግን ጉድለቱን መሸፈን እንዳይሆን፣ በእነዚህ ሸንጎዎች የሴት ድምፅ እምብዛም እንደማይሰማ፣ መበለቲቱን ከርስቷ የሚነቅለው ዘመድም አንዳንድ ጊዜ ከሽማግሎቹ አጠገብ እንደሚቀመጥ መናገር ይገባል። ስለዚህ ለጋሽ ቢጠይቀኝ የምመልሰው አጭር ነው፦ ከዚያው ቀበሌ ተወልዳ ሕግ የተማረችን አንዲት ልጅ፣ ለአንድ ዓመት ሳይሆን ለአምስት ዓመት፣ በከተማ ቢሮ ሳይሆን በቅሬው ጥላ ሥር፣ ቅሬው ራሱ እየጠየቃት፣ መጠነኛ ድርጎ ቁረጥላት። ሪፖርቷንም በአማርኛ ትጻፍ፤ ቅሬው አንብቦ «ይህ አልተደረገም» ይበላት።

ወደ ሆጤ ልመለስ። ፀሐይ ወደ ጦሳ ጀርባ ስታዘቅዝቅ የጠዋቱ ባለጉዳይ ወደ አገሩ መመለስ ይጀምራል። ያችም እናት ፌስታሏን እንዳቀፈች ትመለሳለች። ተከራካሪዋ አልቀረበም፤ ቀጠሮው ለወር ተላልፏል፤ ለወሩ መሳፈሪያም ከአሁኑ አንድ ዶሮ መሸጥ ይኖርባታል።