ደረሰኝ ያልተቆረጠለት ተሰጥኦ

ለደሴ ወይም ለኮምቦልቻ ክለብ የታዳጊዎች አካዳሚ ይቋቋም የሚል ሐሳብ ሲነሣ ወሬው ቶሎ ወደ መሬት ይዞራል። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ተራሮች መካከል የተጣበቀች ከተማ ናት፤ ሜዳ ብርቋ ነው። ስለዚህ ዐይን ወደ ገራዶ ያማትራል። ገራዶ ግን ባዶ ሜዳ አይደለም፤ በመስኖ እየለማ ለደሴ ገበያ አትክልት የሚያቀርብ አካባቢ ነው። አንድ መደበኛ የእግር ኳስ ሜዳ 105 በ68 ሜትር ነው፤ ብቻውን ከ0.7 ሄክታር በላይ ይወስዳል። ሁለተኛ የልምምድ ሜዳ፣ መልበሻ ቤትና ማደሪያ ሲጨመሩ ሁለት ሄክታር ቢጠየቅ አያስገርምም። በዚያ መሬት ላይ ሳይመረት የሚቀረው አትክልት የአካዳሚው የመጀመሪያ ወጪ ነው፤ በበጀት ሰነድ ላይ ግን አይጻፍም።

ለመሆኑ ከሜዳ መጀመር ግድ ነው? በእኔ እምነት አይደለም። ክለብ ከታዳጊ ገንዘብ የሚያገኘው ልጁ በማን ሣር ላይ ስለተጫወተ ሳይሆን በማን ስም ስለተመዘገበ ነው።

ግንባታን ማስቀደም የት እንደሚያደርስ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ወልድያ ላይ በሼህ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ስም የተሰየመው ስታዲየም በጥር 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ከግማሽ ቢሊዮን ብር በላይ ወጥቶበት፣ ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዝ ሆኖ ነበር። የከተማዋ ክለብ ግን በ2010 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። ስታዲየም ጨዋታ ያስተናግዳል እንጂ ተጫዋች አያፈራም።

የችግሩ ሥር ክለቦቻችን ገንዘብ በሚያገኙበት መንገድ ላይ ነው። አብዛኞቹ የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው። በጀቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። የ12 ዓመት ልጅ ለዋናው ቡድን እስኪደርስ ቢያንስ ስድስት የበጀት ዓመት ያልፋል፤ በዚህ መሐል ከንቲባው፣ ቦርዱና አሠልጣኙ ሊቀየሩ ይችላሉ። ዛሬ ወጪውን የሚያጸድቀው ሰው ፍሬውን አያይም፤ ዘንድሮ ቡድኑ ከወረደ ግን ወቀሳው በእሱ ላይ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ወደ ፊርማ ክፍያና ወደ ደመወዝ ይሄዳል። ይህን ስንፍና ማለት አይቻልም፤ የበጀት ሥርዓቱ የሚሸልመው እንዲህ ያለውን ውሳኔ ነው።

ስፖንሰርም ቢሆን ክፍተቱን አይሞላም። ኮምቦልቻ የጨርቃጨርቅና የቢራ ፋብሪካ፣ ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ያላት ከተማ ናት። ሆኖም ስፖንሰር የሚገዛው ዕይታ ነው። ቢጂአይ ኮምቦልቻ ላይ ቢራ እየጠመቀ ስሙ ለዓመታት የገነነው ከአዲስ አበባው ቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር ነው። የ13 ዓመት ልጆች ልምምድ በቴሌቪዥን አይተላለፍም።

ታዲያ ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ፊፋ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሁለት በሮች ከፍቷል። አንደኛው የማሠልጠኛ ካሳ ነው፦ ተጫዋቹ በውጭ አገር ክለብ ለመጀመሪያ ጊዜ በፕሮፌሽናልነት ሲመዘገብ፣ ከ12 ዓመቱ ጀምሮ ያሠለጠኑት ክለቦች ሁሉ በዓመታቸው ልክ ይከፈላቸዋል። ሁለተኛው ሶሊዳሪቲ የሚባለው ነው፦ ተጫዋቹ በክፍያ ወደ ሌላ አገር በተዛወረ ቁጥር ከዋጋው 5 በመቶ ተቀንሶ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ዓመት ላለው ለእያንዳንዱ የውድድር ዘመን 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው 0.5 በመቶ ነው። ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ወዲህ ፊፋ ክፍያውን የሚያጣራ ተቋም ፓሪስ ላይ ከፍቶ የተጫዋቹን የምዝገባ ታሪክ በኤሌክትሮኒክ ፓስፖርት ይከታተላል። በፓስፖርቱ ላይ ስሙ የሌለ ክለብ ግን ድርሻውን ለማስረዳት ይቸገራል።

በቁጥር እንየው። ደሴ ላይ ከ12 እስከ 17 ዓመቱ የሠለጠነ ልጅ በአፍሪካ ውስጥ በፊፋ ምደባ ሦስተኛ እርከን ላይ ያለ ክለብ ቢያስፈርመው፣ ለመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት በየዓመቱ 2,000 ዶላር፣ ለቀሪዎቹ ሁለት ዓመታት በየዓመቱ 10,000 ዶላር ይታሰባል። ድምሩ 28,000 ዶላር ነው። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ በፊት፣ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ፣ ይህ 1.6 ሚሊዮን ብር ያህል ነበር፤ ዶላር ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ ከ2.8 ሚሊዮን ብር በላይ ሆኗል። ልጁ ኋላ ላይ በአንድ ሚሊዮን ዶላር ቢሸጥ የደሴው ክለብ የሶሊዳሪቲ ድርሻ 2 በመቶ፣ ማለትም 20,000 ዶላር ነው። ወጪው በብር፣ ገቢው በዶላር የሆነ ሥራ በዚህ አገር ብዙ አይገኝም።

ይህን ሰምቶ መስከር ግን አይገባም። አርባ ልጆች ለያዘ ፕሮጀክት ለአንድ ልጅ በዓመት 15 ሺህ ብር ይውጣ እንበል፤ በዓመት 600 ሺህ፣ በስድስት ዓመት 3.6 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ዶላር በ100 ብር ሲታሰብ፣ ወጪውን ከውጭ ዝውውር ብቻ ለመመለስ ከአርባው ሁለቱ መሄድ አለባቸው፤ ይህ እንኳን ለእኛ፣ ለምዕራብ አፍሪካም ቀላል አይደለም። አስተማማኙ ትርፍ ቤት ውስጥ ነው። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር። በዚያ ጣሪያ የሚከፈለው አንድ ተጫዋች በዓመት 600 ሺህ ብር ይወስዳል፤ የአርባ ልጆች የዓመት ወጪ ማለት ነው። ስለዚህ አካዳሚው በየጊዜው አንድ ሁለት ልጅ ለዋናው ቡድን ካደረሰ፣ ከውጭ የሚገዛውን ተጫዋች በመተካት ብቻ ራሱን ይችላል። የውጭው ዝውውር ምርቃት ይሆናል።

ተሰጥኦው የሚፈስበት ቀዳዳ ግን እዚሁ አገር ውስጥ ነው። በየሰፈሩ "ፕሮጀክት" እየተባሉ የሚሠሩት የታዳጊ ቡድኖች በአሠልጣኞች ትዕግሥትና በወላጆች መዋጮ ልጅ ያሳድጋሉ። ፕሮጀክቱ ከተመዘገበ ክለብ ጋር ካልተያያዘ ግን የፊፋ ክፍያ አይደርሰውም፤ ክፍያው ለክለብ ነውና። ልጁ 18 ሲሞላው የአዲስ አበባ ክለብ ወስዶ የመጀመሪያውን የፕሮፌሽናል ውል ካስፈረመው ደግሞ የዓለም አቀፉ የማሠልጠኛ ካሳ መንገድ ለደሴ ይዘጋል፤ በኋላ ወደ ውጭ ቢሄድ ካሳውን የሚጠይቀው የመጨረሻው ክለብ ነው። ለምሳሌ አቡበከር ናስር በ2014 ዓ.ም. ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ የተሻገረው ከኢትዮጵያ ቡና ነበር። የክፍለ ሀገር ተጫዋችም ብዙውን ጊዜ ወደ ውጭ የሚወጣው በዋና ከተማው በኩል ነው። በዚህ ላይ የሁለት ዓመት ውል ጨርሶ በነፃ የሚለቅ ተጫዋች የዝውውር ዋጋ ስለሌለው፣ የአምስት በመቶው ስሌት የሚያርፍበት ገንዘብ የለም። ፊፋ እያንዳንዱ ፌዴሬሽን በአገር ውስጥ ዝውውርም አሳዳጊ ክለብ የሚካስበትን ሥርዓት እንዲዘረጋ ይጠብቃል። የክልል ክለቦች በፌዴሬሽኑ ጉባኤ ላይ ተባብረው ሊጠይቁት የሚገባው ትልቁ ጉዳይ ይህ ነው፤ ተጫዋቹ ከደሴ ተነሥቶ አዲስ አበባ ሲደርስ ለደሴ የሚተርፍ ነገር ይኑር።

የተሳካላቸው የሄዱበት መንገድ ይታወቃል። የአይቮሪ ኮስቱ አሴክ ሚሞሳ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የከፈተው አካዳሚ እነ ኮሎ ቱሬን፣ ያያ ቱሬንና ጀርቪንሆን አፍርቷል፤ በ1999 እ.ኤ.አ. ደግሞ አብዛኞቹ ከአካዳሚው በወጡ ወጣቶች የቱኒዚያውን ኤስፔራንስ አሸንፎ የአፍሪካ ሱፐር ካፕን ወስዷል። የሴኔጋሉ ጄኔራሲዮን ፉት ከፈረንሳዩ ሜትዝ ጋር ቋሚ ስምምነት አድርጎ ሳዲዮ ማኔን ያሻገረው በዚያው በኩል ነው። ሁለቱም የልጅ ሥልጠናን ከዋናው ቡድን የዓመት ግርግር ለይተው፣ የራሱ የሽያጭ መንገድ ሰጥተውታል።

ለደሴና ለኮምቦልቻም ቅደም ተከተሉ ከዚህ ይነሣል። መጀመሪያ የየሰፈሩን ፕሮጀክቶች በስምምነት ከክለብ ጋር ማያያዝና 12 ዓመት የሞላውን ልጅ ሁሉ በፌዴሬሽኑ መዝገብ በክለቡ ስም ማስገባት። የልደት ምዝገባ በአገሪቱ በዘመናዊ መልክ የተጀመረው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ለተወለዱት ልጆች የዕድሜ ማስረጃን ከወዲሁ ማጥራት ግድ ነው። ቀጥሎ ለታዳጊዎች የተለየ የባንክ ሒሳብ ከፍቶ፣ ከዝውውር የሚገባው ገንዘብ ለዋናው ቡድን ደመወዝ እንዳይውል በክለቡ መተዳደሪያ ደንብ ማሰር። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ ክፍል በአካል ብቃት ልኬታና በአሠልጣኝ ሥልጠና ቢገባበት ወጪው ይቀልላል። የልምምድ ቦታውን ለጊዜው የደሴው ሆጤ ሜዳና የትምህርት ቤት ሜዳዎች ይሸፍናሉ።

የገራዶ መሬት የሚጠየቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ክለቡ ያኔ ስንት ልጅ እንደተመዘገበ፣ ስንቱ ዋናው ቡድን እንደገባና ስንት ብር ከደመወዝ እንደተረፈ በሰነድ ካላሳየ፣ መሬቱን ለአትክልተኛው መተው የተሻለ ኢኮኖሚ ነው። እስከዚያው በቀጣዩ የሐምሌ በጀት ላይ የቦርድ አባላት አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ዘንድሮ በክለባችን ስም የተመዘገቡ የ12 ዓመት ልጆች ስንት ናቸው? መልሱ ዜሮ ከሆነ፣ ከስድስት ዓመት በኋላ የሚጠበቀው ገቢም ዜሮ ነው።